ከሀገረ ሕይወት መድረክ የተነሡት ባለቅኔ
የፀጋዬ ገብረ መድኅን አጭር የሕይወት ታሪክ

(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ)

ከተማችን አምቦ በመላው ኢትዮጵያ ስሟ የሚጠራው በውሃዋ ነው። በሆቴልም ሆነ በድግስ ቤት ጋዝ ያለበትን ውሃ የሚሻ ሰው፣ ጠርሙሱ ከየትም ይምጣ ከየት፣ አምቦ ውሃ ስጡኝ ይላል እንጂ ሌላ ስም አይፈልግለትም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ከተማይቱ ሀገረ ሕይወት ተብላ ስትጠራም ስሙ ከፍል ውሃዋ ጋራ የሚስማማ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚሁ አፈር የፈለቀ ሌላ ምንጭ መኖሩን ብዙዎቻችን በሚገባ አናውቅም። እርሱም የባለቅኔውና የጸሐፌ ተውኔቱ የፀጋዬ ገብረ መድኅን ሥራ ነው።

በእርግጥ ስማቸውን ያልሰማ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሎሬት የሚለውን የማዕረግ ስም ከመጥራት አልፈን፣ እኒህ ሰው ምን ሠሩ፣ ከየትስ ተነሡ ተብለን ብንጠየቅ መልሱ ያጥረናል። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ የሕይወታቸውን ታሪክ ባጭሩ ለመጻፍ አሰብሁ። ውድ አንባቢዎች በተለይ እንዲያስተውሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ይኸውም እኒህ የቴአትር ሰው ሥራቸውን የጀመሩት በአዲስ አበባ አዳራሽ ሳይሆን እዚሁ አምቦ፣ እንደ እኛው ተማሪ ሳሉ፣ በትምህርት ቤት መድረክ ላይ መሆኑን ነው።

ፀጋዬ ገብረ መድኅን የተወለዱት ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. በአምቦ አካባቢ በምትገኘው ቦዳ በምትባል መንደር ነው። አባታቸው አቶ ገብረ መድኅን ሮባ ቀዌሳ የኦሮሞ ተወላጅ፣ እናታቸው ወይዘሮ ፈለቀች ዳኜ ደግሞ የአማራ ተወላጅ ነበሩ። ጊዜው የመከራ ጊዜ ነበር። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ከገባ ሦስት ወር ቢያልፈው ነው። ሕፃኑ ሲወለድ አባት ጠላትን ለመዋጋት ዘምተው ስለ ነበር በቤታቸው አልተገኙም። ከዚህ ልደት 19 ቀን ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጠላት ጥይት ተደብድበው ሞተዋል። ይህን ቀን አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ አደራ እላለሁ፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

በምዕራብ ሸዋ የሚያድግ ልጅ ቴአትር የሚባለውን ቃል ገና ሳይሰማ ብዙ ትርዒት ያያል። ጌረርሳ የሚያሰማ ሰው የወገኑን ታሪክና የራሱን ጀብዱ በዜማ ሲቆጥር፣ በዙሪያው ያለው ሕዝብ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይቀበለዋል፣ ያበረታታዋል። ሽማግሌዎች በኦዳ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው ነገር ሲያዩ፣ ተራን ጠብቆ መናገር፣ በምሳሌ ማስረዳት፣ ድምፅን ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ ለአድማጭ ጊዜ መስጠት፣ ይህ ሁሉ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በቤተ ክርስቲያን በኩል ደግሞ ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ መቋሚያውና ወረቡ አለ። በቅኔ ቤት ተማሪው ሰሙን ከወርቁ ጋራ አስማምቶ መምህሩ ፊት ይቆማል። በጠጅ ቤት አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ በየመልኩ ይገጥማል። በለቅሶ ቤትም አልቃሽዋ የሟቹን ሕይወት እያነሣች ሕዝቡን ታስለቅሳለች። መጋረጃ የለውም እንጂ ተዋናይም ተመልካችም ያለው መድረክ ነው።

ፀጋዬ በእንዲህ ያለው አገር ከአባታቸው ወገን ኦሮምኛን፣ ከእናታቸው ወገን አማርኛን እየሰሙ አደጉ። በልጅነታቸውም ቤተ ክህነት ገብተው ግእዝን ተማሩ፤ የቅኔንም መንገድ ቀመሱ። ቆይቶም በዘመናዊ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ተጨመረበት። አንዱ ቋንቋ ሲገባ ሌላው አልወጣም። በኋላ በጻፉት ሁሉ ውስጥ እነዚህ አራት ቋንቋዎች በአንድ ቤት እንደሚኖሩ ዘመዶች እየተነጋገሩ ይገኛሉ።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ መድረክ እንምጣ። ፀጋዬ በአምቦ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲማሩ፣ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ፣ «ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ሁለቱ ወንድማማቾች» የተሰኘ ቴአትር ጻፉ። ቴአትሩም በአምቦ ሲታይ ከተመልካቾቹ መካከል ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ዲዮኒስዮስ በጥንት ዘመን በሲሲሊ ደሴት የምትገኘውን የሰራኩስን ከተማ የገዛ ሰው ነው። በስሙም አንድ የታወቀ ታሪክ ይነገራል። ይኸውም ሞት የተፈረደበት አንድ ሰው ቤቱን አሰናድቶ እስኪመለስ ድረስ ወዳጁ በእርሱ ፈንታ ዋስ ሆኖ ይታሰርለታል። ሰውየውም በቃሉ መሠረት ሲመለስ፣ ጨካኙ ገዥ በታማኝነታቸው ተደንቆ ሁለቱንም ይምራቸዋል።

እንግዲህ ነገሩን እናስበው። ከአምቦ ወጥቶ ዓለምን ያላየ የ13 ዓመት ልጅ፣ በንጉሥ ፊት፣ ስለ ንጉሥ የሚናገር ጨዋታ አቀረበ። ብዙ ልጅ በእንደዚያ ያለ ቀን የምስጋና ግጥም አንብቦ ሰላምታ ሰጥቶ በተመለሰ ነበር። ይህ ልጅ ግን ገዥና ተገዥ በመድረክ ላይ ሲነጋገሩ አሳየ። ከዚያ ቀን በኋላ በነበሩት ዓመታት ሁሉ የፀጋዬ ሥራ በጠቅላላው ይኸው ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በዚያ ዘመን በክፍለ ሀገር ከተማ የቴአትር ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜድያ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ የታየው በአዲስ አበባ ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው በአዲስ አበባ ነው። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤትም በ1948 ዓ.ም. በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» በሩን የከፈተው እዚያው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ በአውራጃ ከተማ የሚኖር ልጅ መድረክ ላይ መቆም ቢፈልግ ያለው ቦታ ትምህርት ቤቱ ብቻ ነበር። ጥቂት ጠረጴዛ ገጥሞ፣ አቡጀዲ ጋርዶ፣ ከእናቱ ነጠላ ተውሶ ይጫወታል። ተመልካቾቹም ወላጆቹ፣ መምህሮቹና ጓደኞቹ ናቸው። የፀጋዬን ታሪክ ስናነብ ይህንን ትንሽ መድረክ ልንንቀው አይገባንም።

አንደኛ ደረጃን ከጨረሱ በኋላ ፀጋዬ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማሩ። በትምህርት ቤትም ሳሉ ቴአትር መጻፋቸውን አላቋረጡም። ከዚያም በአሜሪካ በቺካጎ ይገኝ ከነበረው ከብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት በ1959 እ.ኤ.አ. በሕግ ተመረቁ። በዚያን ጊዜ ሕግ የተማረ ሰው በአገራችን ጥቂት ስለ ነበር፣ ጥሩ ሹመትና ጥሩ ደመወዝ ሊያገኙ ይችሉ ነበር። ወላጅ ሁሉ ለልጁ የሚመኘው እንዲህ ያለውን እንጀራ ነው። እርሳቸው ግን ልባቸው ከመድረኩ አልተለየም።

ወዲያውም በዩኔስኮ ድጋፍ ቴአትርን ለማጥናት ወደ አውሮፓ ሄዱ። በለንደን ሮያል ኮርት በሚባለው ቴአትር ቤት፣ በፓሪስም በኮሜዲ ፍራንሴዝ የአዘጋጅነትን ሥራ ተመለከቱ። ሮያል ኮርት በዚያ ዘመን የተራውን ሰው ኑሮና ብስጭት የሚያሳዩ አዳዲስ ቴአትሮች የሚቀርቡበት ቤት ነበር። ኮሜዲ ፍራንሴዝ ደግሞ በ1680 እ.ኤ.አ. የተመሠረተና የሞሊየር ቤት እየተባለ የሚጠራ ጥንታዊ ቴአትር ቤት ነው። ስለዚህ ፀጋዬ አዲሱንም አሮጌውንም በአንድ ጉዞ አዩ። ሁለቱም በኋላ በሥራቸው ውስጥ ፍሬ ሰጥተዋል።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤት በኃላፊነትና በአዘጋጅነት ለብዙ ዓመታት ሠሩ። የአዘጋጅ ሥራ ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ደራሲው ቃሉን ይጽፋል፤ አዘጋጁ ግን ያ ቃል በማን አፍ፣ በምን ድምፅ፣ በየትኛው የመድረክ ማዕዘን፣ በምን መብራት እንደሚነገር ይወስናል። ተዋናዩ ሲያለቅስ ተመልካቹ እንዳይስቅ የሚጠነቀቀው እርሱ ነው። ፀጋዬ ደራሲም፣ ተርጓሚም፣ አዘጋጅም ስለ ነበሩ አንድን ቴአትር ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጋረጃው መዘጋት ድረስ ይከታተሉት ነበር።

ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ቴአትሮች አብዛኛዎቹ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከነገሥታት ታሪክ የተወሰዱ፣ ምክርና ተግሣጽ የሚበዛባቸው ነበሩ። ይህም የራሱ ጥቅም ነበረው። ነገር ግን በአዲስ አበባ ጎዳና የሚመላለሰው ድኻ፣ ከገጠር መጥቶ ሥራ ያጣው ወጣት፣ በጠባብ ቤት የተጨናነቀው ቤተሰብ ራሱን በመድረኩ ላይ አያገኘውም ነበር። ፀጋዬ «በልግ»ን፣ «የእሾህ አክሊል»ን፣ «ጆሮ ደግፍ»ን፣ «የከርሞ ሰው»ን በመሳሰሉ ሥራዎቻቸው ይህንን ሰው ወደ መድረክ አወጡት። ንግግሩም የመንገድ ንግግር፣ ቀልዱም የሰፈር ቀልድ ሆነ። በቬልቬት ወንበር የተቀመጠው ተመልካች ከቤቱ ደጃፍ አልፎት የመጣውን ሰው በመብራት ሲያየው ዝም ብሎ ማለፍ አልቻለም።

ከዚህም ሌላ የውጭውን ዓለም ቴአትር ወደ አማርኛ መለሱ። ከሼክስፒር «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን፣ ከሞሊየር «ታርቲዩፍ»ንና «የፌዝ ዶክተር» የተባለውን ተርጕመዋል። እነዚህን ሥራዎች ቃል በቃል ቢመልሷቸው ኖሮ ተዋናዩም ተመልካቹም ባልገባው ነበር። እርሳቸው ግን የእንግሊዙን መኰንንና የፈረንሳዩን ግብዝ በአማርኛ ቅኔ ልክ ሰፍተው አለበሷቸው። ከዚያ በኋላ ሐምሌት በአማርኛ ሲጨነቅ የባዕድ ሰው ጭንቀት መስሎ አልተሰማም።

በ1966 እ.ኤ.አ. በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ተቀበሉ። ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ ገደማ ስለ ነበር ሽልማቱን ካገኙት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ እርሳቸው ነበሩ።

ከዚህ ሽልማት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965 እ.ኤ.አ.፣ በእንግሊዝኛ የጻፉት የኦዳ ዛፍ ቴአትር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ። ይህ ሥራ በተለይ ለእኛ ለዚህ አካባቢ ልጆች ቅርብ ነው። ኦዳ በኦሮሞ ባህል የተከበረ፣ ጉባዔ የሚደረግበትና ምርቃት የሚሰጥበት ዛፍ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። በቴአትሩ ውስጥ ከዛፉ ሥር የሚወጣው የትንቢት ቃል የአንድ ባልና ሚስት የበኵር ልጅ መሥዋዕት እንዲሆን ያዝዛል። ባልየው ልጁን ላለመስጠት ሲል ከሚስቱ ይርቃል። ከዚያም በአባቶች ሕግና በሰው ፍቅር መካከል ትግል ይነሣል። ከአምቦ ሜዳ የተነሣው ዛፍ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተተክሎ በውጭ አገር መድረኮችም ታየ። ፀጋዬ ባህልን ሲያሳዩ አስጊጠው ብቻ አላሳዩትም፤ ባህሉ የሚያስከፍለውንም ዋጋ ጠይቀዋል።

አሁን አደራ ወዳልሁት ቀን እንመለስ። ፀጋዬ ስለ ኢትዮጵያ ታላላቅ ሰዎች በተከታታይ ጽፈዋል። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ስለ ዐፄ ምኒልክ፣ በሮም ከተማ በጠላት መካከል ሰይፉን ስለ መዘዘው ስለ ዘርአይ ደረስ የጻፏቸው ቴአትሮች አሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው ግን በ1961 ዓ.ም. የተጻፈው «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ነው። አቡነ ጴጥሮስ በጠላት እጅ ከወደቁ በኋላ፣ አርበኞችን ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙና ሕዝቡ እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠይቀው ነበር። እርሳቸው ግን እንቢ ብለው ሞትን መረጡ። ቴአትሩ ያችን የመጨረሻ ሰዓት በግጥም ያሳያል። ጻድቅ ሆኖ ፍርሃት የሌለበት ሰው ሳይሆን፣ የሰው ልጅ የሚሰማው ሁሉ የሚሰማው፣ ሆኖም ከቃሉ የማይወጣ አባት እናያለን። ደራሲው የተወለዱት ይህ ሰማዕትነት በተፈጸመ በ19ኛው ቀን ነው። አባታቸውም በዚያው ጦርነት ላይ ነበሩ። ስለዚህ ነገሩ ለእርሳቸው ከመጽሐፍ የተገኘ ታሪክ ብቻ እንዳልነበረ መገመት አያስቸግርም።

ስለ ግጥማቸው አንድ ቃል ሳልናገር ባልፍ ጽሑፌ ጎደሎ ይሆናል። በአማርኛ ዘወትር የሚሠራበት የግጥም ስልት የወል ቤት ነው። መስመሩም 6ና 6፣ በአንድ ላይ 12 ቀለም ይይዛል። ፀጋዬ ግን 8ና 8፣ በአንድ ላይ 16 ቀለም የሚይዝ መስመር አዘወተሩ፤ ከዚህም የተነሣ ስልቱ የፀጋዬ ቤት ተብሎ ይጠራል። ረዥሙ መስመር ለተዋናይ ብዙ ትንፋሽ ይጠይቃል። ነገር ግን ሐሳብ ሳይቆረጥ እንዲፈስ፣ ቁጣና ለቅሶ ቀስ በቀስ እንዲያድግ ያደርጋል። በ1966 ዓ.ም. የታተመው «እሳት ወይ አበባ» የተባለው የግጥም መጽሐፋቸው የዚህ ስልት ጥሩ ምስክር ነው። ስለ አምቦም የገጠሙት ግጥም በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

አንዳንድ ሰዎች አማርኛቸው ይከብዳል፣ ቃላቸው አይገባም ሲሉ ይሰማል። እኔም አንዳንዱን ገጽ መምህር ሳልጠይቅ ማለፍ እንደማይቻል አይቻለሁ። ፀጋዬ ከግእዝ፣ ከኦሮምኛ፣ ከገጠር አነጋገርም ቃል እያመጡ ይጽፉ ስለ ነበር ንባቡ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሆኖም በመድረክ ላይ ተዋናይ ጮክ ብሎ ሲያነበው፣ በወረቀት ላይ የከበደው ለጆሮ ሲቀል ይታያል። ለመነገር የተጻፈ ነውና።

የ1966ቱ አብዮት በመጣ ጊዜ ፀጋዬ «ሀሁ በስድስት ወር» የተባለውን ቴአትር አቀረቡ። የዘመኑ ሁከትና ተስፋ የታየበት ሥራ ስለ ነበረ ብዙ ሕዝብ ተመለከተው። ከብሬሽት ወደ አማርኛ የመለሱት «እናት ዓለም ጠኑ»ም በዚያው ሰሞን የመጣ ነው። በደርግ ዘመን በባህል ሚኒስቴር በከፍተኛ ኃላፊነት ሠርተዋል፤ በዚሁ ዘመንም ታስረዋል። ከሥራዎቻቸው መካከልም በየመንግሥቱ እንዳይታዩ የተከለከሉ ነበሩ። በንጉሡ ጊዜ የተከለከለው በደርግ ጊዜ ይፈቀድ ይሆናል፤ በደርግ ጊዜ የተጻፈው ደግሞ በተራው ይዘጋል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላም «ሀሁ ወይም ፐፑ»ን ጻፉ። በልጅነቱ በንጉሥ ፊት ቴአትሩን ያቀረበ ሰው ከዚያ በኋላ የመጡትን ባለሥልጣኖች ሁሉ በመድረክ ከማነጋገር አልተመለሰም። ለዚህም ዋጋ ከፍሏል። መድረክ የተዘጋበት ጸሐፌ ተውኔት መሬት እንደ ሌለው ገበሬ ነውና።

ከሁሉም ሥራዎቻቸው በላይ እየቆየ የሚያፈራው ግን ትምህርት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበብ ትምህርት ክፍል ሲቋቋም ፀጋዬ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ከዚያ በፊት ተዋናይ መሆን የሚፈልግ ሰው የሚማረው በልምድ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቴአትር በዩኒቨርሲቲ የሚጠናና ዲግሪ የሚሰጥበት ሙያ ሆነ። ከክፍለ ሀገር የመጡ ብዙ ወጣቶችም በዚያ በር ገብተው ተዋናይ፣ አዘጋጅና መምህር ሆነዋል። ልጄ አዝማሪ ሆነብኝ ብሎ ያዝን የነበረ ወላጅ ልጁ ቴአትር ሲመረቅ ካባውን አስተካክሎለት ፎቶግራፍ ይነሣል።

በ1997 እ.ኤ.አ. የዓለም ባለቅኔዎች ማኅበር የሎሬትነትን ማዕረግ ሰጣቸው። ሎሬት የሚለው ቃል ጥንት በግሪክና በሮም ለአሸናፊዎች በራስ ላይ ይደፋ ከነበረው ከሎረል ቅጠል አክሊል የመጣ ነው። በእኛም አገር ከስማቸው ጋራ ተያይዞ እስከ ዛሬ ይጠራል።

በመጨረሻ ዘመናቸው የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። በአገር ቤት በቂ ሕክምና ስላልነበረ በ1998 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሄዱ። በኒው ዮርክ ከተማ በየጊዜው ደማቸው በመሣሪያ እየታጠበ ዓመታትን አሳለፉ። የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው በዚያው ዐረፉ። አስከሬናቸውም ወደ አገራቸው ተመልሶ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት እኛ የአምቦ ተማሪዎች ምን እንማራለን?

በመጀመሪያ ስለ ቋንቋ ነው። በእኛ ክፍል የዕረፍት ሰዓት ሲሆን ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲቀላቀሉ ይሰማል። አንዱ ቀልዱን በአንዱ ቋንቋ ጀምሮ በሌላው ይጨርሰዋል። ማንም ይህን እንደ ነውር አይቈጥረውም። ሆኖም ከግቢያችን ውጭ የቋንቋ ነገር ሲነሣ ልብ የሚሻክርበት ጊዜ አለ። በፀጋዬም ስም፣ የእኛ ናቸው፣ አይደለም የእኛ ናቸው የሚል ክርክር አንዳንድ ጊዜ ይነሣል። ሰውየው ራሳቸው ከአባታቸው የኦዳን ዛፍ፣ ከእናታቸው አማርኛን፣ ከቤተ ክህነት ቅኔን ተቀብለው ሁሉንም በአንድ መድረክ አቆሟቸው። ለሁለት ሊከፍላቸው የሚፈልግ ሰው ከሥራዎቻቸው ግማሹን አውጥቶ መጣል ይኖርበታል። የቀረውም ግማሽ ብቻውን አይቆምም።

ሁለተኛው ስለ ትምህርት ቤት መድረክ ነው። የቴአትር ክበባችን በየዓመቱ የወላጆች ቀን ሲደርስ ብቻ ይታሰባል። ወንበር ተገፍቶ በክፍል ውስጥ ይለማመዳል፤ ፈተና ሲቀርብም ጊዜ ማባከን ነው ተብሎ ልምምዱ ይቋረጣል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ወላጅ ልጁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆንለት ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአምቦ አንድ መምህር ያንን ልጅ፣ ይልቅስ ሂሳብህን ሥራ፣ ብሎ ወረቀቱን ቢወስድበት ኖሮ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ቴአትር ምን ይመስል ነበር? ከእኛም መካከል በደብተሩ ጀርባ ጨዋታ የሚጽፍ ልጅ ወይም ልጅት ሊኖር ይችላል። ያንን ልጅ የሚያየው ንጉሥ ዛሬ የለም፤ ንጉሥም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ጥቂት ጠረጴዛ፣ አንድ መጋረጃና ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ነው።

ስለዚህ ለክፍል ጓደኞቼ የማቀርበው ልመና ከባድ አይደለም። በቤተ መጻሕፍታችን የሚገኘውን የፀጋዬን ሥራ አንሡና ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ካልገባችሁ መምህራችሁን ጠይቁ። ለመምህራንና ለወላጆችም የማቀርበው ልመና አንድ ነው። በሚመጣው ዓመት ክበባችን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ለማቅረብ አስቧል። እባካችሁ የልምምድ ጊዜ ፍቀዱልን፤ ቀኑም ሲደርስ መጥታችሁ ከፊት ወንበር ተቀመጡ።